ለእናቴ የመጣው የካውንስል ወረቀት፦ በማስጠንቀቂያውና በማስታወቂያው መካከል 3 ቀን ብቻ! ይግባኝ ያለ ሰው አለ?

ጀበና · ማርች 14

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ለንደን ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። በቀደም ከካውንስሉ በፖስታ ወረቀት መጣላት። ስላልገባት መሶቡ ላይ አስቀምጣው ነበር። እኔ ያየሁት ትናንት ልጠይቃት ስሄድ ነው። ቀኑ ማርች 6 ይላል።

የማኅበረሰብ ጥበቃ ማስታወቂያ ነው፤ ሰዉ ሲፒኤን የሚለው፣ ሌላውን የሚረብሽ ነገር እንዲቆም የሚያዝ ወረቀት። ጥፋቷ ተብሎ የተጻፈው "በተደጋጋሚ የሚሰማ የመደብደብ ድምፅ እና ጭስ" ነው። ድብደባ የተባለው ቡና መውቀጥ ነው። ጭሱ ደግሞ ቆሎውና ዕጣኑ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በነሱ 6፡40፣ ሙቀጫዋን ወጥ ቤት ወለል ላይ አስቀምጣ ትወቅጣለች። በዚያ ድምፅ እየነቃሁ ነው ያደግኩት። እውነቱን ልናገር፦ ወለሉ ላሚኔት ነው፣ ከሥር ላለ ሰው ከበሮ ሊሆንበት ይችላል።

ግን ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ 8 ቅዳሜዎች ተዘርዝረዋል፤ ከጃንዋሪ 11 እስከ ማርች 1። እናቴ ጃንዋሪ 20 ሄዳ ፌብሩዋሪ 12 ነው የተመለሰችው። የወንድሟ አርባ ስለነበር አዲስ አበባ ነበረች። ጃንዋሪ 25፣ ፌብሩዋሪ 1 እና 8 ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ታዲያ ማን ነው የወቀጠው?

ሁለተኛ፣ ማርች 3 ማስጠንቀቂያ ልከናል ይላሉ። ደብዳቤው የተላከው ለቁጥር 14 ነው። እናቴ 41 ናት። የቁጥር 14ቷ ሴትዮ ማርች 11 አምጥታ በበር ሥር አስገባችው፤ ማስታወቂያው ከመጣ በኋላ ማለት ነው።

እናቴ "ቡና ማፍላት ወንጀል ሆነ?" ብላ ዝም ብላለች። ጀበናዋ ታጥቦ፣ አፉ ተደፍቶ፣ ስኒዎቹ በፎጣ ተሸፍነው አየሁ። አንጀቴን በላችኝ። ምን ላድርግ?

የመርካቶ ልጅ · ማርች 14

አይዞሽ እህቴ። ምንም አታድርጉ። ይክሰሷት፤ ያኔ ዳኛ ፊት ስህተታቸውን ታሳያላችሁ። በፖስታ የመጣ ነገር ደግሞ አይቆጠርም፣ በእጅ ካልሰጡ ዋጋ የለውም።

አስተርጓሚዋ · ማርች 14

ወንድሜ በቅን ልብ እንደጻፍከው አውቃለሁ፣ ግን ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል። ፍርድ ቤት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም ቆይቻለሁ፤ በዝምታ የተጎዳ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሲፒኤን የመጣው በፈረንጆቹ 2014 በወጣው የፀረ ማኅበራዊ ባህሪ፣ ወንጀልና ፖሊስ ሕግ ነው። ሕጉ በእጅ መስጠትንም፣ አድራሻው ላይ መተውንም፣ በፖስታ መላክንም ይፈቅዳል። ፖስታ ይቆጠራል። አድራሻው ትክክል መሆኑ ግን ትልቅ ነገር ነው።

"ሲከሱኝ እናገራለሁ" የሚለውን ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ዘግቶታል። ማስታወቂያውን ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ያኔ ተነስቶ "ወረቀቱ ድሮም ልክ አልነበረም" ቢል አይሰማም። ያ ጥያቄ የሚነሳው በይግባኝ ነው። መጣሱ ደግሞ ወንጀል ነው፤ ለግለሰብ እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል።

ይግባኙ ማጅስትሬት ኮርት፣ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት፣ ነው የሚገባው። ጊዜው 21 ቀን ነው፤ ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ለጥንቃቄ ወረቀቱ ላይ ካለው ቀን ቁጠሩ። ማርች 6ን አንድ ካልሽ ማርች 26 ያልቃል። ቀኑን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው።

ጀበና · ማርች 14

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። በምን ምክንያት ነው ይግባኝ የሚባለው? "ቡና ባህላችን ነው" ማለት ይበቃል?

አስተርጓሚዋ · ማርች 14

ብቻውን አይበቃም። ዳኞቹ የሚሰሙት ሕጉ ላይ የተዘረዘሩትን ምክንያቶች ነው። የእናትሽን ጉዳይ የሚነኩትን ልንገርሽ።

ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት ይቻላል። የነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ጉዳይ እዚህ ይገባል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው የአዲስ አበባ መግቢያ ማኅተም፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ካለም ቦርዲንግ ፓሱ ይሰብሰብ። እነዚያ ቀኖች ከወደቁ ሌሎቹንም ያንቀጠቅጣሉ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ድምፁ ከተሰማ፣ ድምፁ ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላላ!

በማስታወቂያው ውስጥ ወይም ከሱ ጋር በተያያዘ ጉልህ ስህተት አለ ማለት ይቻላል። ማስጠንቀቂያው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሕጉ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት ይላል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ነገሩን ለማስተካከል በቂ ጊዜ አግኝቶም ካላስተካከለ ነው ማስታወቂያው የሚወጣው። ከማርች 3 እስከ ማርች 6 አንድም ቅዳሜ የለም! ደብዳቤው በሰዓቱ ደርሷት ቢሆን እንኳ መቼ ነው ልታስተካክል የምትችለው?

የተጣለው ግዴታ ከመጠን ያለፈ ነው ማለትም ይቻላል። ወረቀቱ በትክክል ምንድን ነው የሚከለክላት?

ጀበና · ማርች 14

"በማንኛውም ሰዓት ከቤቱ ውጭ የሚሰማ ድምፅ ወይም የሚሸት ነገር እንዳታደርግ" ነው የሚለው። የማብቂያ ቀን የለውም።

አስተርጓሚዋ · ማርች 14

በማንኛውም ሰዓት፣ ያለ ማብቂያ? በዚህ ቃል ከሄድን ሽንኩርት ማቁላላትም ጥሰት ነው። ይህንን ለብቻው ጻፉት። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያውን ሊሰርዘው፣ ሊያሻሽለው ወይም ይግባኙን ውድቅ ሊያደርግ ይችላል። ባይሰረዝ እንኳ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አትውቀጪ" ወደሚል ቢሻሻል ትልቅ ለውጥ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይግባኙ እስኪሰማ ድረስ "አድርጊ" የተባለው ነገር ይቆማል፣ "አታድርጊ" የተባለው ግን ይጸናል። ስለዚህ እማማ ለጊዜው ዘነዘናውን ያሳርፉት። እኔ ራሴ ባዝንም ነው የምለው።

ሌሊት ፈረቃ · ማርች 15

የኔን ልጨምር። እኔ ላይ የደረሰው ሲፒኤን ሳይሆን ኢንጀንክሽን፣ የፍርድ ቤት እገዳ ነው፣ ከካውንቲ ኮርት፣ ከሲቪሉ ፍርድ ቤት። ማለዳ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሰውየው ስሜን ጠይቆ ወፍራም ፖስታ ሰጠኝና ሄደ። ፍርድ ቤት እኔ በሌለሁበት አስቸኳይ ትእዛዝ ሰጥቷል። ከፊት ገጹ ላይ ብትጥስ ልትታሰር ትችላለህ የሚል በትልቁ ተጽፏል። ከኋላ ካርታ አለ፣ በቀይ መስመር የታጠረ። ወደ ሥራ የምሄድበት የአውቶቡስ ፌርማታ መስመሩ ውስጥ ነው። መሄድ የለብህም ተባልኩ።

አልዋሽም፣ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ ነበረኝ። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ጮኬበታለሁ። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ምስክሮቹ ስም የላቸውም። ጎረቤት ኤ፣ ጎረቤት ቢ፣ ጎረቤት ሲ። ሁሉም የነገሩት ለአንድ የካውንስል ሠራተኛ ነው፣ እሷ ናት ጽፋ የፈረመችው።

ያገኘሁት ሶሊሲተር (ጠበቃ) መጀመሪያ የጠየቀኝ "መቼ ነው በእጅህ የገባው?" ብሎ ነው። አንተ ሳትሰማ የተሰጠ ትእዛዝ ከደረሰህ በ7 ቀን ውስጥ እንዲሻር ወይም እንዲለወጥ ማመልከት ይቻላል። አራተኛው ቀን ላይ ነበርን።

ስሚ ስሚ በሲቪል ጉዳይ አይከለከልም፤ በ1995 የወጣው የማስረጃ ሕግ ይፈቅደዋል። ግን ዳኛው ክብደቱን መመዘን አለበት። ሰውየውን ማምጣት ይቻል ነበር ወይ? የተጻፈው ያኔውኑ ነው ወይስ ከወራት በኋላ? የተናጋሪው ጥቅም አለበት ወይ? ጠበቃዬ አንድ በአንድ ጠየቀ። ጎረቤት ሲ የተናገረው ከጎረቤት ቢ የሰማውን እንደሆነ እዚያው ወጣ።

ትእዛዙ ሙሉ በሙሉ አልተሻረልኝም። ጎረቤቴን ማስፈራራትና መሳደብ ተከልክዬ ነበር፣ ያ እንዳለ ጸና፤ ደግሞም ይገባኛል። ካርታው ግን ተቀየረ። ሕጉ እገዳው የሰውን የሥራ ሰዓት በተቻለ መጠን እንዳያደናቅፍ ያዛል። ዳኛዋ የሌሊት ፈረቃ ወረቀቴን አይታ ቀዩን መስመር ከፌርማታው ወዲህ በእስክሪፕቶ አሰመረችው። ያንን መስመር ሲሰመር አይቼ ነው የተነፈስኩት።

የሕግ ተማሪ · ማርች 15

ጋሼ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ብዙ ሰው አሁንም "አስቦ" (ASBO፣ የፀረ ማኅበራዊ ባህሪ ትእዛዝ) ይላል። አስቦ በ1998 ሕግ መጥቶ ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ የነበረው ነው፤ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አሁን የለም። በ2002 የሎርዶች ምክር ቤት ስለ አስቦ ሲወስን ጉዳዩ ሲቪል ቢሆንም ድርጊቱ እንደ ወንጀል፣ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት አለ። ከ2015 ጀምሮ የተካው ኢንጀንክሽን ግን ድርጊቱ መፈጸሙ ካለመፈጸሙ ይልቅ ሚዛን ቢደፋ ይበቃል ይላል። ማስረጃው ሲቀል መከላከል ይከብዳል። ለዚህ ነው አካሄዱን አጥብቆ መጠየቅ የሚያስፈልገው። ትእዛዙን ጥሰሃል ብሎ ለማሰር ሲመጡ ግን አሁንም ከጥርጣሬ በላይ ማረጋገጥ አለባቸው።

ግላስጎ · ማርች 15

እኛ ጋ ስኮትላንድ አስቦ አሁንም አለ፣ በ2004ቱ ሕግ፤ የሚታየውም በሸሪፍ ኮርት ነው። ከዚህ ክር ላይ ቀን እየቆጠራችሁ ስኮትላንድ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ።

እንቅልፍ ያጣሁት · ማርች 16

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ በሌላው ወገን ነኝ። ከላዬ የሚኖሩ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስተውኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሙዚቃ። ልጄ ፈተና እያላት ሶፋ ላይ ጆሮዋን በትራስ ይዛ ትተኛ ነበር። እናንተ "ማስጠንቀቂያው ቁጥር ተሳስቷል" እያላችሁ ስትደሰቱ እኔን ያመኛል።

ግን የመጣሁት ለመቆጣት አይደለም። በኔ ጉዳይ ካውንስሉ ለነዚያ ሰዎች ማስታወቂያ ሰጠ። እነሱም ይግባኝ አሉ። ለካስ ማስጠንቀቂያው በስልክ ነው የተነገራቸው፣ በጽሑፍ አልተሰጠም! ተሰረዘ። እኔ በእጄ የጻፍኩት 40 ገጽ የቀን መዝገብ ነበር። እሱን እንኳ ማንም አልከፈተውም። እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። ሌላ ዘጠኝ ወር።

ስለዚህ እኔም አካሄዱ ይከበር ነው የምለው፣ ግን በሌላ ምክንያት። እነሱ አንድ ወረቀት በትክክል ስላልጻፉ ዋጋውን የከፈለችው ልጄ ናት።

ጀበና · ማርች 16

እህቴ፣ ስላነበብሽና ስለጻፍሽ ከልብ አመሰግናለሁ። ደስ ብሎን አይደለም። ያልሽው ግን ሌሊቱን ሲያስበኝ አደረ። ከእናቴ ሥር ማን እንደሚኖር እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠየቅኳት። "አንዲት ነርስ ናት፣ ጠዋት ስትገባ አያታለሁ" አለችኝ። ጠዋት ስትገባ! ቅዳሜ 6፡40 ላይ እሷ ገና አልጋ ላይ መውጣቷ ነው።

ቢሮ ውስጥ ነኝ · ማርች 17

ሀውሲንግ፣ የካውንስል ቤቶች ክፍል፣ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የየትኛው ካውንስል እንደሆነ አልናገርም። አንድ ሠራተኛ ላይ ብዙ ፋይል ይከመራል። አቤቱታ አቅራቢው የቀን መዝገብ ቅጽ ይሞላል፣ እኛ ደግሞ ወደ ማስታወቂያው እንገለብጠዋለን። ቤቱ ሄዶ ያዳመጠ ሰው አለ ወይ? የድምፅ መለኪያ ተቀምጧል ወይ? ብዙ ጊዜ መልሱ የለም ነው። ማስታወቂያውን ለፈረመው ሠራተኛ ደውይ፣ በኢሜይልም ጻፊ፤ የጉዞውን ማስረጃ አያይዘሽ እንዲያነሱት ጠይቂ። ስህተቱን ካዩ ብዙዎቹ ያነሱታል።

ግን መልስ እየጠበቅሽ 26 እንዳያልፍ! "እያየነው ነው" የሚል ኢሜይል ቀኑን አያቆመውም። እናትሽ በስሟ የተያዘውን ፋይል በሙሉ መጠየቅ መብቷ ነው፣ በነጻ ነው፣ ለመመለስ ግን አንድ ወር አላቸው። ወሩ ከ21 ቀን ይበልጣል። ስለዚህ ይግባኙ ይቅደም፣ ፋይሉ ይከተል። ደግሞ የተሸነፈ ወገን ወጪ ክፈል ሊባል ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት የሎው ሴንተር (የሕግ ምክር ማዕከል) ሰው ያነጋግራት።

ለሌሊት ፈረቃና ለመሰሎችዎ፦ የሶሻል ቤት ተከራይ ኢንጀንክሽን ጥሷል ብሎ ፍርድ ቤት ካረጋገጠ አከራዩ ቤቱ እንዲለቀቅለት "የግዴታ ምክንያት" በሚባለው ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ዳኛው "ማስለቀቁ ተገቢ ነው ወይ" ብሎ የመመዘን ሰፊ ሥልጣን አይኖረውም። የካውንስል ተከራይ ቤቱን ልናስለቅቅህ ነው የሚለው ማሳሰቢያ በደረሰው በ7 ቀን ውስጥ ውሳኔው እንዲታይለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ሰባት ቀን ብቻ ናት። ሰው ፖስታ ሳይከፍት ሰባት ቀን ያልፋል።

አስተርጓሚዋ · ማርች 17

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቋንቋ። ትእዛዝ ጥሰሃል ብሎ ለማሰር የሚቀርብ ማመልከቻ ላይ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ጠበቃ የማግኘት መብት፣ ዝም የማለት መብት፣ አስተርጓሚ ሊሰጥህ እንደሚችል ጭምር። ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ። አንድ አዛውንት "አዎ አዎ" እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ፤ መስማታቸውን ነበር የሚገልጹት፣ እንግሊዛዊው ግን አመኑ ብሎ ጻፈው።

ጀበና · ማርች 20

አንድ ሎው ሴንተር ቀጠሮ አገኘን። የይግባኙ ማመልከቻ ዛሬ ገባ፤ ደረሰኝ አለኝ። ከእናቴ ፓስፖርት ማኅተሙን ፎቶ አንስቻለሁ። ቁጥር 14 የምትኖረው ሴትዮም ደብዳቤው መቼ እንደደረሳትና መቼ እንዳመጣችው ጽፋ ፈረመችልን። ፖስታውን አልጣለችውም ነበር! "14" የሚለው በግልጽ ይነበባል።

እናቴን ሥር ቤት ይዣት ወረድኩ። አምባሻ ጋግራ ነበር። ነርሷ በሩን የከፈተችው በፒጃማ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። እናቴ በምትችላት እንግሊዝኛ "ሶሪ፣ ኮፊ፣ ሶሪ" አለቻት። ልጅቷ ቆማ ቆየች። ከዚያ "እኔ የጻፍኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ቀኖች የኔ አይደሉም" አለችን። የቱቦ ድምፅም እንደሚያስቸግራት ነገረችን። ይህንንም ለጠበቃዋ ነግሬያታለሁ።

ጀበና · ሜይ 2

ካውንስሉ ጉዳዩ ሊሰማ 6 ቀን ሲቀረው ማስታወቂያውን አንስቷል። በጽሑፍ። "በአካሄድ ጉድለት ምክንያት" ይላል፤ ስለ ሦስቱ ቅዳሜዎች አንድ ቃል የለውም። ይቅርታም የለውም። እናቴ ግን "ተነሳ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

ሙቀጫው ሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈናል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይወቀጥም። ቱቦውን ግን ሊያዩት የመጣ ሰው እስካሁን የለም። በነርሷ ስም አቤቱታ እየጻፍኩላት ነው።

አዲስ ገቢ · ሜይ 27

ይህን ክር አሁን ነው ያገኘሁት። ለወንድሜ ተመሳሳይ ወረቀት መጥቷል። ቀኑ ሜይ 9 ይላል። ማስጠንቀቂያ ጭራሽ አላየሁም ይላል። አልፎበታል?

አስተርጓሚዋ · ሜይ 27

አላለፈም። ዛሬ 19ኛው ቀን ነው፤ ሐሙስ ያልቃል። ነገ ጠዋት ኮርቱ እንደተከፈተ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ማስረጃ በኋላ ይጨመራል። ወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሳ። ይግባኝ ስለማለት መብቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ እንደሆነም እይ፤ ማስረዳት ግዴታቸው ነው።

ጀበና · ሜይ 27

የእናቴን የይግባኝ ደብዳቤ ስሟንና አድራሻዋን አጥፍቼ በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። አጻጻፉን ተመልከት፣ ታሪኩ ግን የወንድምህ ይሁን። ዛሬ ማታ ጽፈህ ላክልኝ፤ ስንት ሰዓትም ቢሆን ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ።